የባሂራ ምስክሮች

ቡታጅራ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማን ነው ብሎ ለጠየቀ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው አስፋልቱ ዳር ፎቅ ላይ ወዳለው የቋንቋ ማሠልጠኛ ነው። ወደ ባሂራ የሚቀስር አንድም ሰው የለም። ባሂራ አንሶላ አጣቢ ናት። በወይዘሮ አሰፋሽ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ፣ በሁለት ትልልቅ ሳፋና በአምስት ረድፍ የልብስ ገመድ መካከል አሥራ ሦስት ዓመት ኖራለች። ፊደል እንኳ የቆጠረችው ልጇን ሰልሚያን ጡት ካስጣለች በኋላ፣ ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት የከፈተ ጊዜ ነው። «ሀ»ን የጻፈችበትን ቀን ዛሬም ታስታውሰዋለች።

እንዲህ ያለችው ሴት እንግሊዝኛ ታውቃለች ሲባል የማያምን ሰው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት፣ ፊት ለፊት እያጣጣለ የእሷን እውቀት በጓሮ በር ይዞ የወጣ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ፈረንጆች መጥተው ማረፊያውን ለአራት ዓመት የተከራዩ ጊዜ ነው። ኮሊን አለቃቸው ነው፤ ፊዮና ውሃ ትመረምራለች፤ ዴሪክ የማሽን ሰው ነው። ጠዋት ለቁፋሮ ወደ ቆሼ ገጠር ይወርዳሉ፣ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። አቧራውን የምታጥበው ባሂራ ናት። ገመዶቹ የተወጠሩት እነሱ ቁርስ ከሚበሉበት በረንዳ ፊት ለፊት ስለነበር፣ አንሶላ ስታሰጣ ወሬያቸው ሁሉ ጆሮዋ ይገባል።

መጀመሪያ ሰላምታውን ለመደች፤ ቀጥሎ የዕቃውንና የሰውነት ክፍሉን ስም። አንድ ጠዋት ቀልድ የማያልቅባት እንግዳ ተቀባይዋ ውድነሽ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ጫማህን ጅብ ይዞት ሄደ ብላ ለኮሊን ነገረችው። ኮሊን ሲኒውን አስቀምጦ «ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ» አላት። ባሂራ ከአንሶላው ጀርባ አንገቷን አውጥታ አየች። ውድነሽ ከሰውየው ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ እግሩን የነካው የለም። ታዲያ ማን ሳበው? ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስታብሰለስል ዋለች። በሌላ ሳምንት ፊዮና ለዴሪክ ያንኑ ስትለው ሰማች፣ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በወሩ ደግሞ ዴሪክ ለሾፌሩ አለው። ያኔ ገባት፤ ቀለድክብኝ ማለታቸው ነው። እነዚህ ሰዎችም እንደኛው አንድ ነገር ተናግረው ሌላ ነገር ያስባሉ ማለት ነው። ሱቅ ሄዳ ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ገዛች።

የደብተሩ አያያዝ ከአባቷ የመጣ ነው። አባቷ በመስቃን ገጠር ነገር ሲካረር የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባሂራ ልጅ ሆና ለተቀመጡት ውሃ ታቀብል ነበር። ሰው መጥቶ «ተባለ» ካለ አይሰሙትም። የት ቆመህ አየህ፣ ማን ነበረ፣ ከዚያስ ምን ሆነ ይሉታል። አንድ ምስክር ብቻ የመጣ እንደሆነ ነገሩ ያድራል፤ ሦስት ሲሞላ ይቆረጣል። ባሂራም እንግሊዝኛውን እንዲሁ ሸንጎ አስቀመጠችው። አባባሉን በእኛው ፊደል ትጽፋለች፤ ከሥሩ ማን እንዳለው፣ ለማን እንዳለው፣ ያኔ ምን ሆኖ እንደነበር ታሰፍራለች። ሦስት ጊዜ በዓይኗ ካላየች ፍቺ አትጽፍም። ከዚያ በፊት የገመተችውን በእርሳስ ታኖርና ዳር ላይ ትንሽ ክብ ታደርጋለች፤ መጨረሻው ላይም «ይመስላል» ትላለች። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«አንደር ዘ ዌዘር። አንደኛ ምስክር ፊዮና፣ እንቁላሏን ሳትነካ የመለሰች ጠዋት፣ ፊቷ ገርጥቶ። ሁለተኛ ዴሪክ፣ ሌሎቹ ቆሼ ሲወርዱ ክፍል ዘጠኝ ተኝቶ የቀረ ቀን፤ ከሰዓት ግን ተነስቶ መኪና ጠገነ። ሦስተኛ ኮሊን፣ ጉንፋን ስለያዘው ሾፌር ሲያወራ። ፍቺ፦ ትንሽ ማመም፣ አልጋ ላይ የማይጥል።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት አባባል ሞላ። ከነዚህ አሥራ አንዱ ክብ ያለባቸው ነበሩ፤ ምስክር የሚጠብቁ።

ሰልሚያ ያኔ አሥረኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሠልጠኛው ትማራለች። ከእናቷ የሰማችውን እያነሳች ስትናገር አስተማሪውን አስደነቀችው። የማሠልጠኛው ባለቤትም አስተማሪም ሙንታሲር የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከረባት የማይለየው ወጣት ነው። ከየት አመጣሽው ቢላት ከእማ ደብተር አለችው፤ እየኮራች። በሳምንቱ ጓሮ ድረስ መጥቶ፣ ጫማው እንዳይረጥብ በጫፉ እየተራመደ፣ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት እንድታውሰው ጠየቃት።

ባሂራ እጇን አድርቃ ሰጠችው። በልቧ አንድ ነገር ነበር፤ ለሰው ተናግራው አታውቅም። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ለአንድ ሰዓት ተቀምጣ፣ አባባሉን ከነታሪኩ ብትነግራቸው ትወድ ነበር። ስትሰጠው ይህንኑ እንደምንም ተነፈሰች። እናየዋለን አላት።

አንድ ሳምንት የተባለው ወር ሞላ። በመጨረሻ ራሷ ፎቁን ወጥታ ሄደች። ሙንታሲር ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት።

«እትዬ ባሂራ፣ ልፋትዎ ደስ ይላል» አላት። «ግን እንግሊዝኛ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ሰው ቢያየው ይስቅብናል። ማስተማር ደግሞ ሰርተፍኬት ይጠይቃል፤ እርስዎን ክፍል ባስገባ ወላጅ ምን ይለኛል?»

መምህር ነው፤ አመነችው። ደረጃውን ስትወርድ ደብተሩን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው፤ የሰረቀችው ይመስል። ቤት ገብታ ሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር አስቀመጠችው፤ ለሁለት ወር አላወጣችውም።

ሆኖም ጆሮ አይዘጋም። ከክቦቹ መሐል አንዱ «ኮል ኢት ኤ ዴይ» የሚለው ነበር። መጀመሪያ የሰማችው በመስቀል ዋዜማ ነው፤ ኮሊን ይህን ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ፣ የክርስቲያኖቹም የእኛም ልጆች ወደየአገራቸው ገቡ። ባሂራ ያኔ «በዓል ነው ብሎ ማወጅ ይመስላል» ብላ ጻፈች። ደብተሩ ከተመለሰ በኋላ ግን የማንም በዓል ባልሆነበት ማክሰኞ፣ ዴሪክ ቁልፉን ወርውሮ እጁን እየጠረገ ያንኑ አለ። ሐሙስ ፊዮና ወረቀቷን ሰብስባ አለችው። ለዛሬ ይበቃናል ማለት ነው ለካ። ደብተሯን ከሣጥን አወጣች፤ የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ አጠፋች፣ ክቡንም አነሳች፣ እውነተኛውን በእስክሪብቶ ጻፈች። ስህተቷን ራሷ አርማ ማየቷ ደስ አላት። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ፈረንጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ አሥራ አንዱንም ክብ አነሳች።

በዓመቱ አራስ ታናሽ እህቷን ልትጠይቅ በአረቅጥ በኩል ወደ ወልቂጤ ሄደች። የእህቷ ትልቋ ልጅ ሃሊማ በረንዳ ላይ ሆና ለፈተና ጮክ ብላ ታጠናለች። ባሂራ ሕፃኑን ታቅፋ እያባበለች ነበር። ድንገት ጆሮዋ ቆመ። ልጅቱ በእንግሊዝኛ፣ ፊዮና አሟት እንቁላሏን መለሰች፣ ዴሪክም ክፍል ዘጠኝ ተኛ እያለች ታነባለች።

ሕፃኑን ለእናቱ አቀበለችና ወጣች። መጽሐፉን ከሃሊማ እጅ ተቀበለች። ሽፋኑ ባለቀለም ነው፤ «የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገሮች፣ አዘጋጅ መምህር ሙንታሲር» ይላል። የፈረንጁን ፊደል እሷ ማንበብ አትችልም፤ ከሥር ያለውን የአማርኛ ፍቺ ግን ማን ይከለክላታል። ገጽ በገጽ ሄደችበት። የእሷ ነው። ተራው የእሷ፣ ፍቺው የእሷ። ሃሊማ ምሳሌዎቹን እያነበበች ስትነግራት ደግሞ ምስክሮቿ አንድ በአንድ እየወጡ ቆሙ፤ ኮሊንም፣ ጅቡም፣ ጉንፋን የያዘው ሾፌርም።

ወልቂጤም ቅርንጫፍ ከፍቷል አለቻት ሃሊማ፤ እዚህ የማያጠናው ልጅ የለም።

ባሂራ ይህን ያህል እንኳ ባልተንገበገበች። ያንገበገባት «ኮል ኢት ኤ ዴይ»ን ስታይ ነው። «በዓል ነው ብሎ ማወጅ» ይላል። ሌላም አለ። ውድነሽ ለመንጃ ፈቃድ ልትፈተን ስትሄድ ፊዮና «ብሬክ ኤ ሌግ» ብላት፣ ባሂራ እግርሽ ይሰበር ማለት መስሏት ደንግጣ «እርግማን ይመስላል» ብላ ክብ አድርጋበት ነበር። ኋላ መልካም ምኞት መሆኑን ደረሰችበት። ሰውየው «እርግማን» ብሎ አሳትሞታል። አሥራ አንዱም አሉ። ክቡንም «ይመስላል»ንም ቆርጦ ጥሎ፣ የአንዲት ሴት ጥርጣሬ ለስንት መቶ ልጅ እውነት ነው ብሎ አከፋፈለ። የወሰደ ሰው ምነው የወሰደውን እንኳ አስተውሎ ቢያነብ?

ቡታጅራ ተመልሳ በነጋታው ፎቁን ወጣች። ሙንታሲር ክፍል አለኝ ብሎ በር ላይ አቆማት፤ በማግስቱም እንዲሁ። ስለዚህ ሽማግሌ ላከች። ያስቀመጠቻቸው የአባቷን ወዳጅ ሐጂ ሸረፋን ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ነግደው አሁን በጡረታ መስጊድና ቤት የሚመላለሱ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ከሁለት እኩዮቻቸው ጋር፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ በሐጂ ቤት ተቀመጡ። ባሂራ ደብተሯንና መጽሐፉን ይዛ መጣች፤ ሰልሚያ አጠገቧ ተቀመጠች።

ሙንታሲር ንግግር ያውቅበታል። ስለ ከተማው ዕድገት፣ ስለ ወጣቱ፣ ስለ ዓለም ቋንቋ አወራ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። ባሂራ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ወሬው ወደ ኢንተርኔት ሲታጠፍ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሙንታሲር፣ ስቶፕ ቢቲንግ አራውንድ ዘ ቡሽ» አለችው።

ሐጂ ሸረፋ ምን አለችህ ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ከረባቱን ነካካ።

«ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ» አለች ባሂራ። «ያዘጋጀው ሰው ይተርጉምላቸው።»

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ ነው ያለችኝ» አለ ሙንታሲር ቀስ ብሎ። አንደኛው ሽማግሌ ሳል አስመስለው ሳቁ።

«ምሳሌው ላይ ይህን የሚለው ማን ነው?» አለች ባሂራ።

«ኮሊን የሚባል ሰው።»

«ኮሊን ማን ነው?»

«ዝም ብሎ ስም ነው፣ እትዬ። ምሳሌ ነው።»

«ዝም ብሎ ስም ነው?» አለች ባሂራ። «ኮሊን ክፍል አንድ አራት ዓመት አድሯል። አንሶላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን ያለው የመኪናውን ብልሽት ሲሸፋፍን ለነበረው የጋራዥ ሰው ነው። አንተ ኮሊንን የት አየኸው?»

መምህር ነው ብላ «እርስዎ» ትለው የነበረውን የተወችው እዚያ ላይ ነው። ሰልሚያ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

ሙንታሲር መቼም አያጣም። ቃሉ የእንግሊዞች ነው አለ፤ እንግሊዝኛ የባሂራ አባት ርስት አይደለም፤ ማንም መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ እሱስ እውነቱን ነው አሉ።

«ርስቴ ነው አላልኩም» አለች። «ቃሉ የነሱ ነው። ቆሜ ያየሁት ግን የኔ ነው። መዝገበ ቃላት ገልጦ ቢሆን ኖሮ የኔን ስህተት ከየት አገኘው?» ደብተሯን ከፈተች፤ ክብ የተፋቀበትን፣ እርሳስ የጠፋበትን አሥራ አንድ ቦታ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፤ እነዚህን ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ስህተት ናቸው ብሎ እንዲያርም፣ ደብተሩ የማን እንደሆነም እዚያው እንዲናገር። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ሽማግሌዎቹ ባሂራን ወደ ውጭ አስወጥተው ተነጋገሩ፤ ተመልሳ ስትገባ ነገሩ አልቆ ነበር። ሐጂ ሸረፋ፣ ልጁ ወጣት ነው አሏት፣ ተማሪ ፊት ማዋረድ ማሠልጠኛውን ይዘጋዋል፤ በሚቀጥለው ኅትመት ያስተካክላል፣ ምስጋናም ይጽፍልሻል። ከዚያ ሙንታሲር ተነሥቶ ጎንበስ አለ። «እትዬ ባሂራ፣ ካስቀየምኩዎት አውፍ ይበሉኝ» አላት።

«ካስቀየምኩዎት» ነው ያለው። የእሷን «ይመስላል» ቆርጦ የጣለ ሰው፣ የራሱ ጥፋት ላይ ሲደርስ ጥርጣሬ ጨመረበት።

«አውፍ የሚባለው ጥፋቱ ሲነገር ነው» አለች ባሂራ። «ምን አጠፋህ? እሱን በልና እኔም እላለሁ።»

ሙንታሲር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሐጂ ሸረፋ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሁሉም አሚን አለ። ባሂራ እጇን ደብተሩ ላይ እንዳደረገች፣ አፏን እንደዘጋች ተቀምጣ ቀረች። ከዚያ በኋላ በከተማው ባሂራ አስቸጋሪ ናት ተባለ። የቀማው ሰውዬ ታረቀ፣ የተቀማችው ሴት ቂመኛ ሆነች።

ሁለተኛው ኅትመት ከአራት ወር በኋላ ወጣ። ሰልሚያ ገዝታ አመጣችላት። ሽፋኑ ላይ ያው የመምህሩ ስም አለ። ውስጡ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ፣ «ሐሳብ በማካፈል ለተባበረችኝ ለአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኛ ምስጋና አቀርባለሁ» ይላል። አንዲት ሠራተኛ። ሦስት ፊደል የሆነ ስም ለመጻፍ ቀለም አልቆበት ነው? አሥራ አንዱ ስህተት ደግሞ ንክች አላለም፤ «እርግማን»ም እርግማን እንደሆነ ነው።

ባሂራ አላለቀሰችም። የሰልሚያን መጽሐፍ ተቀብላ፣ እስክሪብቶ አንሥታ፣ አሥራ አንዱን ሰረዘች፤ ከእያንዳንዱ በላይ ትክክለኛውን በራሷ ጽሕፈት ጻፈች። ሽፋኑ ላይም ከመምህሩ ስም በላይ «ያየችው ባሂራ» ብላ አሰፈረች። ሰልሚያ ይዛው ክፍል ገባች።

በሳምንቱ ሁለት ልጆች ጓሮ መጡ። እትዬ፣ የኛንም አርሚልን አሉ። ባሂራ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ስህተት፣ ማን የት ቆሞ እንዳለው እየነገረች አረመች፤ ልጆቹ አንሶላዎቹ መሐል ቆመው ሰሙ። ቀጥሎ አምስት መጡ፤ ከወልቂጤም ሃሊማ የክፍል ጓደኞቿን መጽሐፎች ሰብስባ በሚኒባስ ላከች። ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ጓሮዬን ትምህርት ቤት አደረግሽው እያሉ አጉረመረሙ፤ ማጉረምረማቸው ግን ከአፍ አላለፈም፤ አንድ አሮጌ አግዳሚ አስወጡላት። ሙንታሲር ሰምቶ፣ መጽሐፍ ማበላሸት ያስጠይቃል የሚል መልእክት ላከባት። ይጠይቀኝ ብላ መለሰች፤ ያኔ ኮሊን ማን እንደሆነ ለዳኛው ይነግራል።

ይህን ሁሉ ብታርም ያልደረሰችባቸው ብዙ ናቸው። ስንት ልጅ «ብሬክ ኤ ሌግ» ሲባል እንደተረገመ ቆጥሮ ይከፋ ይሆን እያለች ትናደዳለች። ንዴቷ እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድም አትፈልግም።

ባለፈው ረቡዕ፣ ልብስ አስጥታ ሳትጨርስ፣ ሐጂ ሸረፋ በትራቸውን ይዘው በጓሮው በር ገቡ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ። መለሰችላቸው፤ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ መጽሐፉን አወጡ። የልጅ ልጃቸው ከድጄ ፈተና ደርሶባታል፤ ራሷ ልትመጣ ብታፍር እሳቸው አመጡላት።

ባሂራ አልተቀበለቻቸውም።

«ሐጂ፣ ይህ መጽሐፍ የማን ነው?»

ሽማግሌው ሽፋኑን አዩ፤ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያንቺ ነው» አሉ።

«ያን ቀንስ የማን ነበር?»

«ያን ቀንም ያንቺ ነበር።»

«እንደዚያ አላሉም።»

«አላልኩም» አሉ ሐጂ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ ልጁ ወጣት ነውም አላሉም።

ባሂራ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለቻቸው። እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ጀርባ አወጣችና የመጀመሪያውን ስህተት ፈልጋ፣ ኮሊን በመስቀል ዋዜማ የት ቆሞ እንደነበር ትነግራቸው ጀመር።